ውዝፍ ዕዳና የመንግሥት ደብዳቤ፦ የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው?

በቀድሞው የኢትዮጵያ የሙግት ልማድ ዕዳውን ያልከፈለ ሰውና ገንዘቡን የሚጠይቀው ሰው በሰንሰለት ወይም በልብስ ጫፍ ተቆራኝተው ይውሉ ነበር። «የአልጋ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር የዚያ ሥርዓት ትዝታ ነው። ሥርዓቱ ጨካኝ እንደነበረ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ባሕርይ ነበረው፤ ማሰሪያው ጠያቂውንም ይይዝ ነበር። ባለገንዘቡ ከባለዕዳው ጋር አብሮ መዋልና ዳኛ ፊት ቆሞ ጥያቄውን ማስረዳት ነበረበት። ስለዚህ መሠረት የሌለው ጥያቄ ለጠያቂው ራሱ ዋጋ ያስከፍለው ነበር።

ዘመናዊው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውዝፍ ዕዳ የሚጠይቀው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሰንሰለት የለውም፤ የሚያስረው ግን አንዱን ወገን ብቻ ነው። ላኪው ቢሳሳት ከደመወዙ የሚጎድል የለም፤ ተቀባዩ ግን ቀነ ገደብ፣ ወለድና ቅጣት ይቆጠርበታል። የመንግሥት ዕዳ አሰባሰብ ፍትሐዊነት የሚለካው እንግዲህ በተሰበሰበው ገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት መሥሪያ ቤቱ ምን ያህል የማስረዳት ሸክም ተሸክሟል በሚለው ጥያቄ ጭምር ሊሆን ይገባል።

በግለሰቦች መካከል መልሱ ግልጽ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን የግዴታውን መኖር እንዲያስረዳ ያዛል። በአንቀጽ 1772 ደግሞ ውል አልተፈጸመልኝም ባይ አስቀድሞ ለተዋዋዩ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። መንግሥት ባለገንዘብ ሲሆን ሚዛኑ ይለወጣል። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በታክስ ውሳኔ ላይ በሚነሣ ክርክር ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የታክስ ከፋዩ ነው፤ ባለሥልጣኑም ታክሱ ካልተከፈለ ንብረት የመያዝ ሥልጣን አለው። ለዚህ በቂ ምክንያት ሊቀርብ ይችላል፤ የንግዱ መዝገብ የሚገኘው በነጋዴው እጅ ነውና። ጥያቄው ይህ ልዩ ሥልጣን መዝገቡ በመንግሥት እጅ ወዳለባቸው ዕዳዎች ሲሸጋገር ምን ይከተላል የሚለው ነው።

የአውስትራሊያ ተሞክሮ መልሱን በመራራ መንገድ ሰጥቷል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሪቱ የማኅበራዊ ድጎማ አስተዳደር ከግብር መሥሪያ ቤቱ ያገኘውን የሰዎች ዓመታዊ ገቢ በየሁለት ሳምንቱ እኩል እየከፋፈለ፣ ከተከፈላቸው ድጎማ ጋር በኮምፒውተር ማስተያየት ያዘ። ግማሹን ዓመት ሥራ ፈትቶ፣ ግማሹን ሠርቶ የኖረ ሰው በዚህ ስሌት ዓመቱን ሙሉ እንደሠራ ተቆጠረ፤ በሕግ የተገባው ድጎማም ዕዳ ሆኖ ተመዘገበበት። ቀድሞ ሠራተኞች ያጣሩት የነበረውን ልዩነት አሁን ተቀባዩ የብዙ ዓመት የደመወዝ ወረቀት ፈልጎ እንዲያስተባብል ተደረገ። ወረቀቱን ያላገኘ ባለዕዳ ሆነ።

በኅዳር ወር 2019 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የፌዴራል ፍርድ ቤት በአማካይ ስሌት ላይ ብቻ የተመሠረተውን ዕዳ ሕጋዊ መሠረት የሌለው አለው። በተከታዩ ዓመት መንግሥት 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመመለስ መወሰኑን አስታወቀ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ፊት እናቶች ቀርበው ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ ሕይወታቸውን ስላጠፉ ልጆቻቸው መሰከሩ፤ ኮሚሽኑም በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሪፖርት አሠራሩ ፍትሐዊም ሕጋዊም እንዳልነበረ አረጋገጠ። እዚህ ላይ ጥፋቱን በኮምፒውተር ላይ መጫን ስሕተት ነው። ሸክሙን ከጠያቂው ወደ ተጠያቂው ያዛወሩት ሰዎች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ያደረገው ውሳኔውን ማባዛት ብቻ ነው።

ሌላ መንገድ መኖሩን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ደንብ ያሳያል። በዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚልከው የመጀመሪያ ጥያቄ ዕዳው ከምን እንደመነጨ፣ ባለዕዳው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት የመጠየቅ ምን መብት እንዳለው፣ ወለድና ቅጣት በምን መሥፈርት እንደሚታሰብ፣ ክፍያው እስከ መቼ እንደሚጠበቅ፣ እንዲሁም የሚያነጋግረውን ሰው ወይም ክፍል ስምና አድራሻ መግለጽ ይኖርበታል። ደንቡ ያለው ሁሉ ይፈጸማል ማለት አይደለም። ሆኖም የሚያነጋግሩት ሰው ስም ያለበት ደብዳቤ ላኪውንም በመጠኑ ያቆራኛል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ለዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ቅርብ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ያደርጋል። ክፍያው ከምረቃ በኋላ ሥራ ሲገኝ ከወር ገቢ ላይ እንዲቆረጥ የታሰበ ነው። የሐሳቡ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ገቢ የሌለው አይጠየቅም። በተግባር ግን ዕዳው እስኪከፈል ዋናው ዲግሪና ይፋዊው የትምህርት ማስረጃ በተቋሙ ይያዛል። በዚህም ሥርዓቱ ከራሱ መርሕ ጋር ይጋጫል። ሥራ ሲያገኝ ይከፍላል የተባለው ምሩቅ፣ የተሻለ ሥራ ወይም የውጭ ትምህርት ዕድል ሲያመለክት የሚጠየቀውን ወረቀት የሚያገኘው ከከፈለ በኋላ ነው። አሠሪው በየወሩ የቆረጠለት ገንዘብ በመዝገብ ላይ ሳይታይ ቢቀር ደግሞ፣ መክፈሉን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ የሚዞረው ራሱ ነው።

የመንግሥት ዕዳ የሕዝብ ገንዘብ መሆኑን፣ የአንዱ ዕዳ ሳይሰበሰብ ሲቀር የሌላው ተማሪ ዕድል እንደሚጠብ፣ ወረቀቱ ካልተያዘም ብዙው ሰው እንደማይከፍል የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን መያዣው አስፈላጊ የሆነው የክፍያው መዝገብ ደካማ በመሆኑ ከሆነ፣ መፍትሔው መዝገቡን ማጠናከር እንጂ የመዝገቡን ጉድለት በምሩቁ ማስከፈል አይደለም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት እየተስፋፋ በመጣ ቁጥር የአሠሪን፣ የግብር ሰብሳቢንና የዩኒቨርሲቲን መዝገብ ማገናኘት ይቀልላል። ያ ዕድል ግን የአውስትራሊያውን አደጋም ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ከወዲሁ በሕግ ሊቀመጡ ይገባል። መሥሪያ ቤቱ ከመጠየቁ በፊት የዕዳውን ስሌት በዝርዝር ያሳይ፤ ተቃውሞ ከቀረበ የማስገደጃው እርምጃ አንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው እስኪመረምረው ይቁም፤ በስሕተት የተሰበሰበ ገንዘብ ደግሞ ከነወለዱ ይመለስ። የጥንቱ ሰንሰለት ተመልሶ እንዲመጣ የሚመኝ የለም። ከሰንሰለቱ ጋር የቀረው ግን የጠያቂው ኃላፊነት ጭምር ነው፤ እሱን መመለስ የሕግ አውጪው ሥራ ነው።