ለጀማሪ ሙስታንግ አይገዛም

ባለፈው ግንቦት፣ በሜሪላንድ ከዋሽንግተን ራቅ ባለ የሞዴል አውሮፕላን ሜዳ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ አባት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ከመኪናው ያወረደው ካርቶን ላይ ጭራው ቀይ የሆነ የሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን ሥዕል አለ። የልደት ስጦታ ነው። ልጁ ክንፉን በስስት ሲዳብስ ያየ ሰው፣ ስንት ወር ሲለምን እንደከረመ ይገባዋል። ባትሪው ገባ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ አውሮፕላኑ ሣሩን ለቆ ተነሣ። ወዲያው ወደ ግራ አዘነበለ። ልጁ ደንግጦ ማንሻውን ወደ ራሱ ሳበ። አፍንጫው ሽቅብ ቀና፣ ፍጥነቱ ሞተ፣ አንደኛው ክንፍ ከዳውና ቁልቁል ሄዶ መሬት ላይ ተተከለ። ከተነሣ አሥር ሰከንድ አልሞላውም።

ስብርባሪውን ከሣሩ ውስጥ አብረን ስንለቅም ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ይጠገናል?» አለኝ። ሞተሩን የያዘው አፍንጫ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ አንዱ ክንፍ ከሥሩ ተገንጥሏል። አባትየው በበኩሉ «ሻጩ እኮ ጋይሮ የሚባል ማመጣጠኛ ስላለው ማንም ያበረዋል ብሎኝ ነበር» አለ።

ልጁም አባቱም ጥፋት የለባቸውም። ጥፋተኛው «ኤሌክትሮኒክሱ ስለሚይዘው ልጁ የወደደውን ግዛለት» የሚለው፣ ሻጭም ገዢም ሳይመረምር የተቀበለው አስተሳሰብ ነው። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የመጀመሪያው አውሮፕላን በመልኩ አይመረጥም። መመረጥ ያለበት ቀስ ብሎ መብረር በመቻሉና ወድቆ በመነሣቱ ነው።

ቀይ ጭራው በልጆቻችን ዓይን መክበሩ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 የሙስታንግን ጭራ ቀይ ቀብተው አውሮፓ ሰማይ ላይ የተዋጉት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች የሠለጠኑት በአሜሪካዋ ተስኪጊ ከተማ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ ያበረረው ጆን ሮቢንሰንም የተስኪጊ ተማሪ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ጀግኖች በሙስታንግ አልጀመሩም። አስቀድመው ስቲርማን በተባለ ባለ ድርብ ክንፍ ማሠልጠኛ ላይ ተቀመጡ፤ ቆይተው ቴክሳን ወደሚባለው ከበድ ያለ ማሠልጠኛ ተሻገሩ። ሙስታንግ እጃቸው የገባው ሌሎች ተዋጊ አውሮፕላኖችን ካበረሩ በኋላ ነው። ለጎልማሳ ወታደር የተከለከለውን አቋራጭ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የምንፈቅደው በምን ሒሳብ ነው?

ሞዴሉ ከፎም ቢሠራም የአየር ሕግ አይለወጥለትም። የአውሮፕላን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ፣ ክንፉ በዚያው አቀማመጥ የሚሰጠው የማንሣት ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ለክንፉ ስፋት ክብደቱ የበዛ አውሮፕላን መፍጠን ግዴታው ነው። ከሆዱ ሥር የተሰካውና ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄደው የተዋጊ ክንፍ ደግሞ ፍጥነት ሲያጣ ብዙውን ጊዜ ከጫፉ ይከዳል፤ በአንድ ጎን ተገልብጦ ይወርዳል። በሜዳው ላይ ያየሁት ይኸንኑ ነው።

ፍጥነት የሚቀማው ትልቁ ነገር የማሰቢያ ጊዜ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሦስት ሰከንድ 30 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 90 የሚበረው በዚያችው ሦስት ሰከንድ 75 ሜትር ይርቃል። ለጀማሪ እነዚህ ሦስት ሰከንዶች ሁሉም ነገር ናቸው። አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ አብራሪው ሲያዞር ግራና ቀኙ ይገለበጣልና፣ ልጁ ክንፉ የቱ ጋ እንዳዘነበለ አይቶ፣ አስቦ፣ ማንሻውን ወደ ዘቀዘቀው ክንፍ መግፋት አለበት። ይህ በልምድ ከእጅ ጋር የሚዋሐድ ነገር ነው። እስኪዋሐድ ድረስ የሚጠብቀው ዝግተኛ አውሮፕላን ብቻ ነው።

ስለ ጋይሮ የሚነገረው ሁሉ ውሸት ነው አልልም። ነፋስ ሲገፋው ክንፉን ያቃናል፤ ደህና የሆነው ዓይነት ማንሻዎቹን ሲለቋቸው አውሮፕላኑን ወደ አግድም ይመልሳል። እኔም ለጀማሪ ያለ እሱ ከሚጀምር ከእሱ ጋር ቢጀምር እመርጣለሁ። ነገር ግን ጋይሮ የአውሮፕላኑን ማዘንበል እንጂ ዛፉን አያይም፤ አውሮፕላኑ ከዓይን እየራቀ መሆኑን አያውቅም፤ ፍጥነቱ ለሞተ ክንፍ አየር አይፈጥርለትም። ደግሞም ሁልጊዜ የሚያቃናለት ልጅ ማቃናትን አይማርም። ጋይሮ በመልካም ማሠልጠኛ ላይ ሲሆን ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ፣ ከነገ ወዲያ ጠፍቶ የሚቀር ድጋፍ ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ተለጥፎ «የጀማሪ» ተብሎ ሲሸጥ ግን ማታለያ ይሆናል።

«ትንሽና ርካሽ ስለሆነ ቀላል ነው» የሚለውም እምነት እንዲሁ መሠረት የለውም። መዳፍ የምታክል አውሮፕላን ለስለስ ባለ ነፋስ እንደ ቅጠል ትወሰዳለች፤ ሃምሳ ሜትር ስትርቅ ወደየት እንደምትዞር በዓይን መለየት ያስቸግራል።

ታዲያ ምን ይገዛ? ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ ጫፎቹ በጥቂቱ ወደ ላይ ቀና ያሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ሜትር የማያንስ ይሁን። እንዲህ ያለ ክንፍ ሲያዘነብል በራሱ ወደ አግድም የመመለስ ጠባይ አለው። ፕሮፔለሩ ከአፍንጫው ይልቅ ከክንፉ በስተኋላ ቢሆን የተሻለ ነው፤ ሲወድቅ አፍንጫው ፎም ብቻ ስለሆነ ሞተሩ ይተርፋል። የጀርመኑ መልቲፕሌክስ ኢዚስታር ለብዙ ሺሕ ሰዎች የመጀመሪያ መምህር የሆነው በዚህ አሠራሩ ነው፤ ኤሮስካውት የተባለውም ያንኑ መንገድ ይከተላል። ክንፉ በላስቲክ የሚታሰርም አለ። ሲጋጭ ላስቲኩ ይለቅና ክንፉ ሳይሰበር ይንሸራተታል። ሁሉም መልካቸው የዋህ ነው፤ ልጅ ደጋግሞ የሚለምናቸው አይደሉም። እንዲህም ሆኖ፣ በሙስታንግ አሥር ሰከንድ ያበረረው ልጅ በእነዚህ አንድ ክረምት ሙሉ ያበራል።

የካርቶኑ ዋጋ የወጪው ጅምር ብቻ መሆኑንም ሻጩ አይናገርም። ተጨማሪ ባትሪ፣ መለዋወጫ ፕሮፔለርና ደህና ቻርጀር ያስፈልጋል። ሊፖ የተባለው የእነዚህ አውሮፕላኖች ባትሪ አንዱ ሴሉ ሞላ የሚባለው 4.2 ቮልት ላይ ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፤ በአግባቡ ካልተያዘ በእሳት ይነሣል። ስለዚህ ሰው ሳይጠብቀው፣ በተለይም ሌሊት መኝታ ቤት ውስጥ፣ ቻርጅ አይደረግም። ከመግዛት በፊት ደግሞ በኮምፒውተር ሲሙሌተር ሁለት ሳምንት መለማመድ ከማንኛውም ጋይሮ ይበልጣል፤ እዚያ መውደቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ቦታም የምርጫው አካል ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሬገን አየር ማረፊያ በ15 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ የሪሞት አውሮፕላን ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። ቤት አጠገብ ያለው የትምህርት ቤት ሜዳ አይሆንም ማለት ነው። ወደ ክበብ ሜዳ መሄድ የግድ ይላል፤ ይህ ደግሞ በረከት ነው። እዚያ ሁለት መቆጣጠሪያ አገናኝቶ፣ ልጁ ሲሳሳት አውሮፕላኑን ተረክቦ የሚያቃና ልምድ ያለው ሰው ይገኛል። ለአዲስ አበባ ዘመድ መላክ ያሰበም የአገሩን የፈቃድ ሕግ አስቀድሞ ያጣራ፤ ከፍታውንም አይርሳ። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳልና፣ ማንኛውም አውሮፕላን ሳይከዳ ለመብረር ባሕር ዳርቻ ከሚያስፈልገው ከአሥር በመቶ በላይ መፍጠን ይኖርበታል። ቀድሞውንም ፈጣን የሆነው እዚያ ይብስበታል።

«ልጁ የወደደውን ካልገዛንለት ፍላጎቱ ይጠፋል» የሚሉኝ አሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። የልጅ ፍላጎት የሚጠፋው ስብርባሪ እንደያዘ ወደ መኪና ሲመለስ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ሲያስብ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ግን የሚለቅመው ቸኩሎ የገዛው ትልቁ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ልጁም ነበር።

ስለዚህ ወላጆች፣ ሱቅ ስትገቡ ፍጥነቱንና መልኩን አትጠይቁ። የዚያን ልጅ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ «ሲወድቅ ይጠገናል?» በሉ። መልሱ «አዎ፣ ማታ ጠረጴዛ ላይ በሱፐር ግሉ፣ ነገ ጠዋት ይበራል» የሆነውን ግዙለት። ሙስታንጉ ይቆየዋል።