የወደብ መንገድና የባሕር ዳር ደን

በሞያሌ አቅራቢያ ያለችው ኦዳ ከባሕር እጅግ የራቀች፣ ዝናብ የሚያጥራት ቀበሌ ናት። ስሟ ግን በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው፤ ይኸውም ሽማግሌዎች በጥላው ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበትና የሚዳኙበት፣ በመጥረቢያ ሊነካው የሚደፍር የሌለ ታላቅ ዛፍ ነው። ዛፍን ከዘበኛ ይልቅ የሕዝብ ስምምነት አጽንቶ እንደሚጠብቀው ይህ ስም ይመሰክራል። ዛሬ ስለ ባሕር ዳር ደን ስንጽፍ ከዚህ ደረቅ ምድር መነሣታችን ስለዚሁ ነው።

ሌላም ምክንያት አለን፤ እርሱም የንግድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 2012 የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች በላሙ ተገናኝተው የአዲሱን ወደብና የመንገዶቹን ሥራ አስጀመሩ። በዚህ ዕቅድ የኢትዮጵያ በር ሞያሌ ናት። የወደቡም የመጀመሪያ የመርከብ ማቆሚያ በግንቦት 2021 ተከፈተ። እንግዲህ በኬንያ ከሚገኘው 61,000 ሄክታር ያህል የማንግሮቭ ደን ከግማሽ የሚበልጠው በላሙ ስለሆነ፣ በሞያሌ በኩል ወደዚህ ወደብ የሚጫን ዕቃ የሚሻገረው በዚህ ደን አጠገብ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ማንግሮቭ ሥሩን በጨው ውሃ ውስጥ ተክሎ የሚኖር ዛፍ ነው። ማዕበልን ያበርዳል፣ አፈርን ይይዛል፣ የዓሣ ጫጩቶችም በሥሩ መካከል ተጠልለው ያድጋሉ። ከጭቃው በታች የሚያከማቸው ካርቦንም ከብዙ የየብስ ደኖች ይበልጣል። ስለዚህ ደኑ ሲጠፋ የሚጎዳው እንጨት ቆራጩ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ አስጋሪውም፣ ወደቡም፣ በወደቡ የሚነግደውም ሁሉ ይጎዳል።

ሕዝብን ሳያማክሩ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከላሙ መማር ይቻላል። በ2018 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በወደቡ ሥራ ምክንያት ኑሯቸው ለተጎዳ ዓሣ አስጋሪዎች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ ካሣ እንዲከፈል ፈርዶ ነበር። ክልከላ ብቻውንም መድኃኒት አልሆነም። የማንግሮቭ አጣና ወደ ውጭ አገር እንዳይላክ ከታገደ ከ1982 ወዲህ ብዙ ዓመት ቢቆጠርም ቆረጣው አልቆመም፤ በ2018 የደን ቆረጣ በመላ አገሪቱ በታገደ ጊዜ ደግሞ በዚሁ ሥራ ይኖሩ የነበሩ የላሙ ድኾች ያለ እንጀራ ቀሩ።

ከሞምባሳ በስተደቡብ በጋዚ የባሕር ሰርጥ የተደረገው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ የነበረው ደን በ1970ዎቹ ለፋብሪካ ማገዶና ለቤት ማገር ተጨፍጭፎ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሊቃውንትና መንደርተኞች በአንድነት ይተክሉ ጀመር። በ2013 ደግሞ የጋዚና የማኮንጌኒ ሰዎች «ሚኮኮ ፓሞጃ» የተባለውን ማኅበር አቋቁመው 117 ሄክታር ደን ተረከቡ። ደኑ በዓመት የሚያስቀረውን 3,000 ቶን ያህል የካርቦን ጋዝ ለውጭ ገዢዎች በመሸጥ ውሃ ወደ መንደራቸው አስገቡ፣ ለተማሪዎችም መጻሕፍት ገዙ። ማገዶ ለሚያስፈልገውም ሰው በየብስ ሌላ ዛፍ ተከሉለት። ጠባቂው ከጥበቃው የሚያገኘው ጥቅም ስላለው መጥረቢያው በፈቃዱ ተቀመጠ።

በምጽዋ አጠገብ በሕርጊጎም እንዲሁ ሆኗል። ጎርደን ሳቶ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ማንግሮቭ በዚያ ዳርቻ የማይበቅለው ናይትሮጅን፣ ፎስፎርና ብረት ስለሚያጥረው መሆኑን ተረድተው እነዚህን ከችግኙ ጋር እንዲቀበሩ አደረጉ። የመንደሩ ሴቶች ተከሉ፤ ቅጠሉና ፍሬውም ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። ችግኝን ቦታውንና ጠባዩን ሳያውቁ በዘመቻ መትከል ግን ድካም ብቻ እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ ለአስተዳዳሪዎች የምንለው አለን። በ2023 የተሻሻለው የኬንያ የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ በመሬት ላይ ከሚሠራ የካርቦን ንግድ ገቢ ቢያንስ 40 ከመቶው ለአካባቢው ሕዝብ እንዲደርስ ያዛል። ይህ ትእዛዝ ለባሕር ዳር ብቻ የወጣ አይደለም፤ የካርቦን ገዢ ወደ ሰሜኑ ግጦሽ ምድር በሚመጣበት ጊዜ የሞያሌንም ከብት አርቢ ይመለከታል። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ጉዳዩ በሕዝብ ጉባኤ ፊት በሕዝቡ ቋንቋ ይነበብ፤ ገቢና ወጪውም በየዓመቱ በግልጽ ይነገር።

ነጋዴዎችም ሣሩን አይቶ ገደሉን እንደ ሳተው በሬ እንዳይሆኑ እናሳስባለን። ከወደቡ ትርፍ የሚፈልግ ሁሉ ወደቡን ከማዕበልና ከደለል የሚጋርደውን ደን እንደ ራሱ መጋዘን ሊቆጥረው ይገባል። ፈቃዱ ያልታወቀ አጣና አለመግዛት የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ለሚተክሉትም መንደሮች ከትርፍ ጥቂት መመደብ ሁለተኛው ነው። የኦዳ አባቶች ዛፉን ያቆዩት በጥላው የሚቀመጡት ሁሉ የእኔ ነው ስላሉት ነው፤ የባሕሩም ደን በዚሁ ሕግ ካልሆነ በሌላ አይቆምም።