ኮርኒሱም እንደ ቡናው ይድረቅ

የሚዛን ተፈሪንና የቴፒን ሰው ስለ ማድረቅ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። የተለቀመው ቡና አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ይገላበጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ ጆንያ ውስጥ የተከተተ ቡና እንደሚሻግት ልጅ አዋቂው ያውቃል።

ይኸው ሰው ቡናውን ሸጦ ቤቱን ሲያድስ ግን የጂፕሰም ኮርኒሱ በሦስት ቀን ተመትቶ፣ ስቱኮው አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ እንዲጠብቀው ይፈልጋል። ክረምቱ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያል። በየመጋጠሚያው ቀጭን ስንጥቅ፣ በየብሎኑ ራስ ላይ ትንሽ እብጠት። ከዚያ «ቀለም ቀቢው ሌባ ነው» ይባላል።

ቀድሞ ቤቱ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ይወጠርለት ነበር። ቀጥሎ ቺፑድ መጣ፤ መጋጠሚያውን ቀጭን እንጨት ስለሚሸፍነው ችኮላን ይችላል። ጂፕሰም ግን የሚሸፍነው የለውም። 120 በ240 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሰሌዳዎች ተደርድረው አንድ ወጥ ጣሪያ መምሰል አለባቸው። ውበቱ ያለው መጋጠሚያው ባለመታየቱ ነው።

ይህ ደግሞ ጊዜ ይጠይቃል። መጋጠሚያው ላይ ቴፕ ይለጠፋል፤ ስቱኮው ሦስት ጊዜ ይመታል፤ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ሰፋ ብሎ፣ ያለፈው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ። ስቱኮ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እርጥቡ ላይ ሌላ ከተደረበ የታችኛው ቆይቶ ሲሰበሰብ የላይኛውን ይዞት ይወርዳል። በደረቅ አየር ለአንድ ዙር አንድ ቀን ቢበቃ፣ በቴፒ ሐምሌ ሁለትም ሦስትም ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሞራሌው ትናንት የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ ተጣሞ ብሎኑን ይገፋል፤ ያኔ የትኛውም ስቱኮ አያድነውም።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቀላል ፈተና አለ። ማታ የስልክ ባትሪ አብርቶ ብርሃኑን ከኮርኒሱ ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ቀን ያልታየው ጎድጓዳና ጉብታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ያኔ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይቻላል፤ ከቀለም በኋላ ግን ዕዳው እጥፍ ነው። ቀለሙም የማያብረቀርቅ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ጉድ አይደብቅም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ሠራተኛው የሚከፈለው በካሬ ነው። ስቱኮው እስኪደርቅ የጠበቀበት ቀን እንጀራ ያልበላበት ቀን ነው። የጥበቃውን ዋጋ የማይከፍል ባለቤት ችኮላን ገዝቷል ማለት ነው።

የመንግሥት ሥራ ደግሞ ይብሳል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚጥልበት አካባቢ፣ የቢሮና የትምህርት ቤት ማጠናቀቂያ ሥራ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጣደፋል። ክልሉ ኅዳር 2014 ከተመሠረተ ወዲህ ሚዛን አማንና ቴፒ ከመቀመጫ ከተሞቹ መካከል ናቸው፤ ገና ብዙ ቢሮ ይሠራል። የቀን መቁጠሪያው ካልተስተካከለ እያንዳንዱ ቢሮ በተመረቀ ማግሥት እድሳት ይጠይቃል።

«በጋ እስኪመጣ ሥራ አይቆምም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ግን ቆርቆሮውና ግድግዳው ቀድሞ አልቆ የኮርኒሱ ማጠናቀቂያ ለታኅሣሥና ለጥር ሊተው ይችላል። ባለሙያውም ሁለት ቤት አፈራርቆ ቢይዝ አንዱ ሲደርቅ በሌላው ይሠራል፤ ቀኑ አይባክንም። ከክፍያው ጥቂቱ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይቆይ፤ በምትኩ የጥበቃው ቀን በውሉ ይታሰብ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ቡናን ለሳምንታት በትዕግሥት የሚያገላብጥ አገር ለኮርኒሱ አንድ ሳምንት አያጣም።