ተሽከርካሪው ሲታይ ሾፌሩም ይታያል፤ ጂፒኤስና የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎች

የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ የት እንደዋለ ለማወቅ ለብዙ ዓመታት ሁለት ነገሮች በቂ ተደርገው ይታዩ ነበር፤ የስምሪት ወረቀትና የኪሎ ሜትር ንባብ። ሾፌሩ ሲወጣ ይፈርማል፣ ሲመለስ ንባቡን ይመዘግባል፣ የስምሪት ኃላፊው ደግሞ የተቀዳውን ነዳጅ ከተጓዘው ርቀት ጋር ያመሳክራል። ቀዳዳው ግን ብዙ ነበር። በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ ይነቀላል፤ ለመስክ የወጣ መኪና ከሥራው ይልቅ ለዘመድ ጉዳይ ይውላል፤ በጀሪካን የሚወጣው ናፍጣም በመዝገብ ላይ ‘ተጓዘበት’ ተብሎ ይወራረዳል። ዛሬ ይህን ሁሉ ለመዝጋት ከዳሽቦርድ ሥር የምትደበቅ፣ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ መሣሪያ በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ ትገጠማለች። ከጭነት ማመላለሻ ድርጅቶች እስከ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከባንክ እስከ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ ጂፒኤስ የተሽከርካሪ ስምሪት አካል እየሆነ መጥቷል።

መሣሪያው በፍጥነት ሲገባ አጠቃቀሙን የሚመራው ደንብ ግን በብዙ ቦታ አልተጻፈም። ሾፌሩ መሣሪያው መገጠሙን የሚያውቀው ስለ አንድ ጉዞ ማብራሪያ ሲጠየቅ ከሆነ፣ ክርክሩ የሚጀምረው ከተበላሸ ቦታ ነው።

ለቁጥጥሩ መጠናከር ዋናው ምክንያት ነዳጅ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሥርዓት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የነዳጅ ዋጋ በተደጋጋሚ ጨምሯል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ ግብይት በቴሌብርና በሌሎች ዲጂታል መንገዶች እንዲፈጸም ተደርጓል። በዚህ ምክንያት የተቀዳው ሊትር፣ ቀኑና ሰዓቱ በራሱ መዝገብ ይቀመጣል። የተጓዘው ርቀት በጂፒኤስ ሲመዘገብ ሁለቱን ማመሳከር የአንድ ሒሳብ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። የሕዝብ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ መሥሪያ ቤት ይህን ቢያደርግ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ኮድ 4 ሰሌዳ የለጠፈ መኪና እሑድ ከሰዓት በሠርግ አጀብ መካከል ሲታይ የሚያጉረመርመው ግብር ከፋይ ሲጠይቀው የኖረ ነገር ነው።

ለአርሶ አደሩም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የአፈር ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በዩኒየኖች በኩል እስከ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን የሚደርሰው በጭነት መኪና ነው። የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ የደረሰ ኩንታል ለዚያ ዓመት ሰብል እምብዛም አይጠቅምም። መኪናው የት እንደቆመ፣ ስንት ቀን እንደቆመና ከመስመሩ ወጥቶ እንደሆነ ማወቅ ለገበሬው ምርት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የወረዳ አምቡላንስም እንዲሁ ነው። ምጥ የያዛት እናት ከቀበሌዋ ተጠርታ ስትጠብቅ ‘መኪናው ሌላ ሕመምተኛ ይዞ ወጥቷል’ የሚለው መልስ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ የሚችል አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ በማያው ላይ የሚታየው ነጥብ ፍጹም እውነት አይደለም። ጂፒኤስ የሚሠራው ከምድር በ20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ነው። ተቀባዩ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት አነጻጽሮ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም። ቦታውን ለቢሮው የሚያሳውቀው በውስጡ ባለው ሲም ካርድ አማካይነት በሞባይል ኔትወርክ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ክፍተቶች ይፈጠራሉ። ሰማዩ በገደል፣ በሕንፃ ወይም በጣሪያ ሲጋረድ የቦታው ስሌት ይዛባል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ መረጃው በመሣሪያው ውስጥ ተከማችቶ ቆይቶ ይላካል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ዓባይ በረሃን የሚያቋርጥ ሾፌር ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ኔትወርክ ለደቂቃዎች ቢጠፋ፣ በማያው ላይ መኪናው የቆመ ወይም የተሰወረ መስሎ ይታያል። ይህን የማያውቅ ኃላፊ ‘መሣሪያውን ነቅለሃል’ ብሎ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል።

የነዳጅ መጠን መለኪያውም ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ ችግር የለበትም። የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ሾፌሮች ሰልባቲዮ የሚሉት፣ መኪናው ዳገት ሲወጣ ወይም አጋድሎ ሲቆም ውስጡ ያለው ናፍጣ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። መለኪያው ከሌላው ወገን ከሆነ ንባቡ በድንገት ይወርዳል። መኪናው ሜዳ ሲደርስ ንባቡ ይመለሳል፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው አንድ ጊዜ ተልኳል፣ ‘የነዳጅ ስርቆት’ የሚለው መልእክትም በኃላፊው ስልክ ላይ ደርሷል። መለኪያው በየጊዜው ካልተስተካከለና ንባቡ ከመንገዱ አቀማመጥ ጋር ካልታየ ንጹሕ ሰው በሌብነት ይጠረጠራል። የተራራ አገር ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ነበረበት።

በሕግ በኩል መነሻው አለ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ይደነግጋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ማንነቱ ሊታወቅ የሚችል ሰውን የሚመለከት መረጃ ሕጋዊ መሠረት ሳይኖረው እንዳይሰበሰብ፣ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይውልና ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይቀመጥ ይጠይቃል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ‘እኛ የምንከታተለው መኪናውን እንጂ ሰውን አይደለም’ የሚለው የተለመደ መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል። የስምሪት ወረቀቱ ‘ሾፌር እገሌ’ ብሎ እስከጻፈ ድረስ የመኪናው ጉዞ የእገሌ ጉዞ ነው። በየትኛው ክሊኒክ በር እንደቆመ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንደገባ፣ ሌሊቱን የት እንዳደረ ሁሉ አብሮ ይመዘገባል።

ጉዳዩ እስከ ምን ሊሄድ እንደሚችል ከፖርቱጋል የተነሣ አንድ ክርክር ያሳያል። የአንድ መድኃኒት ኩባንያ ወኪል ለሥራና ለግል ጉዳይ የሚጠቀምበት መኪና ተሰጥቶት ነበር፤ ለግል የተጓዘበትን ኪሎ ሜትር ወጪ ለኩባንያው ይመልሳል። ኩባንያው በመኪኖቹ ላይ ጂፒኤስ ገጠመ፣ ለሠራተኞቹም አሳወቀ። ወኪሉ ተቃወመ። በኋላ የሥራ ኪሎ ሜትሩን አብዝቶ የግሉን አሳንሶ መዝግቧል ተብሎ ተሰናበተ። የአገሩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከጂፒኤሱ መረጃ የርቀቱን ልክ ብቻ ለማስረጃነት ተቀብሎ ስንብቱን አጸና። በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 2022 ስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የግል ሕይወት መብቱ አልተጣሰም ሲል ወሰነ። ውሳኔው ግን በአራት ድምፅ ለሦስት ነበር። ለኩባንያው ሚዛኑ እንዲደፋ ካደረጉት ነገሮች መካከል ሠራተኛው አስቀድሞ ማወቁና ማስረጃው በርቀት ልክ ብቻ መወሰኑ ይገኙበታል። ሁለቱም በወረቀት ላይ ምንም ወጪ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው።

የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን መመሪያ ከዚህም ይራመዳል። መኪናውን ለግል እንዲጠቀምበት የተፈቀደለት ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ መሣሪያውን ማጥፋት እንዲችል ይጠይቃል፤ የጉዞ መረጃም በመርህ ደረጃ ከሁለት ወር በላይ እንዳይቀመጥ ይላል። ለኢትዮጵያ ይህ አሠራር እንዳለ ይገልበጥ ማለት አያስፈልግም። በአብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ከሥራ ሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ስለሚያድር ማጥፊያ ቁልፉ ብዙም ትርጉም አይኖረውም፤ የማስቀመጫ ጊዜው ግን ከማንም ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል።

ምክንያቱም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ ሠራተኛን ማሰናበት የሚፈልግ አሠሪ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱ ይቀርበታል። የወረቀት ዘመን አሠሪ መቼ እንዳወቀ በምርመራ ሪፖርት ቀን ይታወቅ ነበር። አሁን ግን መሣሪያው ጥፋት የመሰለውን ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ለኃላፊው ስልክ ይልካል። ታዲያ አሠሪው ያወቀው መልእክቱ በደረሰበት ቀን ነው፣ ወይስ ከወራት በኋላ መዝገቡን ገልብጦ ባየበት ቀን? ሁለተኛው ተቀባይነት ካገኘ አሠሪው የቆየ መዝገብ አከማችቶ፣ ከሾፌሩ ጋር በሌላ ጉዳይ ሲጋጭ እንደፈለገ ሊመዝበት ይችላል። የሕጉ መንፈስ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል። በየድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት ውስጥ ይህ በግልጽ ቢጻፍ ሁለቱም ወገኖች ከፍርድ ቤት ደጅ ይድናሉ። (አዋጁ የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ ለነሱ የሚሠራው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ግን አንድ ነው።)

ስለ ጂፒኤስ ሲነሣ ሾፌሩ ሁልጊዜ ተከሳሽ ሆኖ መታየቱ ግን ስሕተት ነው። ያው አዋጅ መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዲያልፍ አይፈቅድም። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ቀን ከሆነ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ከሆነ ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ ነው። ሾፌር ሌሊት መንዳቱን፣ ያለ ዕረፍት ከጅቡቲ መስመር ተመልሶ በማግስቱ መሰማራቱን ከዚህ በፊት የሚያስረዳለት የራሱ ቃል ብቻ ነበር። አሁን የጉዞው መዝገብ ምስክሩ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡን ማየት ከተፈቀደለት።

በአሜሪካ በከባድ ጭነት ማመላለስ የተሠማሩ ኢትዮጵያውያን ይህን በተግባር ያውቁታል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በፌዴራል ሕግ አብዛኞቹ ከባድ ተሽከርካሪዎች የመንዳት ሰዓትን ራሱ የሚመዘግብ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። ሾፌሩ ያለማቋረጥ 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ መንዳት የሚችለው እስከ 11 ሰዓት ነው። ብዙዎች መሣሪያውን ሲራገሙት ይሰማል፤ ነገር ግን ‘ሰዓቴ አልቋል’ ብሎ ከአሠሪው ትእዛዝ ጋር የሚከራከር ሾፌር የሚያሳየው ያንኑ መሣሪያ ነው። መዝገቡም በሾፌሩ እጅ አለ። በኢትዮጵያ የሚገጠሙት መሣሪያዎች ግን በአብዛኛው የሚናገሩት ለቢሮው ብቻ ነው። ለድካምና ለእንቅልፍ አደጋ በሚዳረግ መንገድ ላይ ይህ የክፍያ ጥያቄ ብቻ አይሆንም፤ ከመኪናው ኋላና ፊት የሚጓዘው ሕዝብም አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ አስጊው ነገር የማያው የይለፍ ቃል በማን እጅ እንዳለ አለማወቅ ነው። የጭነት መኪና በአሁኑ ሰዓት የት እንዳለ፣ ምን እንደጫነና የት እንደሚያድር የሚያሳይ ገጽ ለአምስትና ለስድስት ሰው በአንድ የይለፍ ቃል ተከፍቶ ይታያል፤ ከሥራ የለቀቀውም ሰው ቃሉን ይዞት ይሄዳል። የመንገድ ጸጥታ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ይህ መረጃ በተሳሳተ እጅ መግባቱ የሾፌሩንና የረዳቱን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። አንዳንድ ቦታ የመኪናው ሥፍራ ያለበት ምስል ለ‘መረጃ ያህል’ ተብሎ ብዙ ሰው ባለበት የቴሌግራም ቡድን ይለቀቃል። ናፍጣ ለመቆጠብ የተገዛ መሣሪያ ጭነቱን ለዘራፊ ጠቋሚ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሌላው ብዙ ያልታሰበበት ነገር መኪናው ሲሸጥ የሚሆነው ነው። ያረጁ የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎች በጨረታ ይወገዳሉ። መሣሪያው ከነሲም ካርዱ ተረስቶ ከቀረና የአገልግሎት ክፍያው ካልተቋረጠ፣ ገዢው ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያውና ወደ ቤቱ ሲመላለስ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ማያ ላይ መታየቱን ይቀጥላል። የጨረታ ሰነዶች የጎማውንና የሞተሩን ሁኔታ በዝርዝር ይጽፋሉ፤ መሣሪያው መነቀሉንና መዝገቡ መዘጋቱን የሚገልጽ አንድ መስመር መጨመር የንብረት ክፍሉ ሥራ ነው፤ ገዢውም ቁልፉን ከመረከቡ በፊት ሊጠይቅ ይችላል።