ራጅ የማያየው እብጠት

ከጎሬ፣ ከአልጌ ወይም ከያዮ ጭኑ ላይ የወጣበትን እብጠት ይዞ ወደ መቱ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ «ራጅ አንሡኝ» ቢል አይደንቅም። ከሕክምና መሣሪያዎች ሁሉ ስሙ ቀድሞ በሕዝብ አፍ የገባው ራጅ ነውና። ይሁን እንጂ በጡንቻ፣ በስብና በመሳሰሉት ለስላሳ ኅብረ ሕዋሳት ውስጥ ለሚበቅል ዕጢ ራጅ ደካማ ምስክር ነው። የድክመቱ ምክንያት ፊዚክስ ስለ ሆነ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

ዊልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ጨረር በአጥንት ውስጥ በብዛት ይዋጣል። በአጥንት ያለው የካልሲየም አቶሚክ ቁጥር 20 ሲሆን፣ የሥጋ ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች የሆኑት የኦክስጅን 8፣ የካርቦን 6፣ የሃይድሮጅን 1 ነው። የፎቶኤሌክትሪክ መዋጥ ደግሞ በግምት የአቶሚክ ቁጥሩን ኩብ ተከትሎ ያድጋል። ስለዚህ አጥንት ከሥጋ ጎልቶ ሲለይ፣ ዕጢና ጡንቻ ግን በፊልሙ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይቀራሉ። ራጅ ዕጢው አጥንትን ነክቶ እንደ ሆነ ወይም በውስጡ ካልሲየም አጠራቅሞ እንደ ሆነ ያሳይ ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ብዙ አይጠበቅበትም።

አልትራሳውንድ መንገዱ ሌላ ነው፤ የሚሠራው በገደል ማሚቶ ነው። ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ በለስላሳ አካል ውስጥ በአማካይ በሰከንድ 1540 ሜትር እየተጓዘ፣ የአንዱ ኅብረ ሕዋስ ጠባይ ከሌላው በሚለይበት ድንበር ላይ በከፊል ይመለሳል። ከ3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተመለሰ ማሚቶ 39 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መሣሪያውም ጊዜውን ወደ ርቀት ይለውጠዋል። ንጹሕ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ጥጥር ዕጢ ግን በውስጡ ማሚቶ ይበትናል። ዶፕለር ሲጨመርበት በእብጠቱ ውስጥ ደም መመላለሱም ይታወቃል። ይህ ሁሉ ያለ ጨረር፣ በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ መሣሪያ መሆኑን ልብ ይሏል።

አንዳንዶች «ለስላሳ እብጠት አብዛኛው አደገኛ አይደለም፤ ለምን ይደከማል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ አደገኛ ያልሆኑት ከአደገኞቹ ቢያንስ መቶ እጥፍ ይበልጣሉ። ነገር ግን መቶዎቹን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ መላክ ስለማይቻል ነው በቅርብ የሚገኝ ወንፊት የሚያስፈልገው። ወንፊት ከሌለ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይከተላል። ተራ የስብ እብጠት ያለበት ገበሬ የቡናውን ገንዘብ በመንገድ ይጨርሳል። በአንጻሩ ሳርኮማ የተባለው አደገኛ ዕጢ ያለበት ሰው «ቀላል ነው» ተብሎ በአካባቢ ማደንዘዣ ይቆረጥለታል። እንዲህ ያለ ያልታቀደ ቀዶ ሕክምና የዕጢውን ሕዋሳት በቦታው ትቶ፣ በዙሪያው ወዳለው ጤነኛ ሥጋም ሊበትናቸው ይችላል። ቀጣዩ ቀዶ ሕክምና የግድ ሰፋ ያለ ይሆናል፤ አንዳንዴም እግር ያስከፍላል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፤ በኢሉባቦር ከተሞችም ሆነ ቀድሞ በዚሁ ሥር በነበረችው በደሌ፣ ምስል ያልታየለት እብጠት ምላጭ ሊነካው አይገባም። ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ ከጡንቻ ሽፋን በታች የጠለቀ፣ እያደገ የሚሄድ ወይም ተቆርጦ የተመለሰ ከሆነ ደግሞ አልትራሳውንዱ «ደህና ይመስላል» ቢልም ወደ ላይ መላክ አለበት። የአልትራሳውንድ ምስል በመርማሪው እጅና ዓይን ላይ እጅግ የተመካ ነውና።

ወደ ላይ ሲባል ኤም አር አይ ወዳለበት ማለታችን ነው። በ1.5 ቴስላ መስክ ውስጥ የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ በሰከንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይህም ከኤፍ ኤም ሬዲዮ ሞገድ ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። ኒውክሊየሶቹ ከተነቃነቁ በኋላ ወደ ዕረፍታቸው የሚመለሱበት ጊዜ በስብ፣ በጡንቻና በዕጢ ውስጥ ይለያያል፤ ራጅ ያላገኘው ልዩነት እዚህ ላይ ይገኛል። ሬይመንድ ዳማዲያን በዕጢና በጤነኛ ኅብረ ሕዋስ መካከል ያለውን የዚህን ጊዜ ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1971 አሳትሟል። ያም ሆኖ ኤም አር አይ የዕጢውን ወሰን እንጂ የመጨረሻ ስሙን አይነግረንም። ስሙን የሚሰጠው በመርፌ የተወሰደ ናሙና በፓቶሎጂ ሐኪም ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ነው። ኤም አር አይን በየከተማው መትከልን እኛ አንመክርም። የማይቆራረጥ መብራትና ልዩ ክፍል የሚሻ ውድ መሣሪያ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ብዙ አልትራሳውንድ ይገዛል፣ ብዙ ባለሙያም ይሠለጥናል።

በመቱ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል በአንድ ከተማ ይገኛሉ። የፊዚክስ ተማሪዎች ሆይ፣ አልትራሳውንድ በትክክል መለካቱን ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ ሊሆን ይችላል። የናይሎን ክር በውኃ ውስጥ በ3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወጥራችሁ መርምሩት። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የድምፅ ፍጥነት በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1480 ሜትር ያህል ሲሆን መሣሪያው ግን 1540 ነው ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ ጤነኛ መሣሪያ 3.1 ሴንቲ ሜትር ያህል ማንበብ አለበት። 3.5 ካነበበ ግን፣ የ5 ሴንቲ ሜትሩን ወሰን በዚያ መሣሪያ ከመለካታችሁ በፊት የጥገና ክፍሉን ጥሩ።