የጓዳ ትምህርት፦ ቀይ ሥርና ሰናፍጭ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቀይ ሥርና ስለ ሰናፍጭ ነው። ሁለቱን ለየብቻቸው እናውቃቸዋለን። ቀይ ሥር ከድንች ጋር ይበላል። ሰናፍጭ ለስልጆና ለአዚፋ ይሆናል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሌላ ማባያ ይወጣል። ቀይ ሥሩ ይጣፍጣል፤ ሰናፍጩ አፍንጫን ይሰነፍጣል።

በፖላንድና በዩክሬን አገር ይህን የመሰለ ማባያ የታወቀ ነው። እነሱ የሚሰነፍጥ ነጭ ሥር ፈቅፍቀው ከቀይ ሥር ጋር ይደባልቃሉ። ያ ሥር በእኛ ገበያ የተለመደ አይደለም። ታዲያ ምን ይሻላል? በእሱ ፋንታ ሰናፍጭ እናግባ። የሚሰነፍጠው ነገር በሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ነው።

ሰናፍጩን እንዴት እናዘጋጅ?

ሰናፍጭ ደረቅ ሳለ አይሰነፍጥም። ኃይሉ የሚመጣው ተፈጭቶ ውሃ ሲያገኝ ነው።

1. ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭ ውሰዱ። ጠጠሩንና አፈሩን ልቀሙ።
2. በወፍጮ ወይም በሙቀጫ እስኪልም ፍጩት።
3. በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለውሱት።
4. ሸፍናችሁ 15 ደቂቃ ያህል ተዉት።
5. ከዚያ በኋላ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት።

ቅደም ተከተሉን አትርሱ። የፈላ ውሃ የሰናፍጩን ኃይል ያጠፋዋል። ሎሚውም ከውሃው ቀድሞ ከገባ ሰናፍጩ ይደክማል። ዘግይቶ ሲገባ ግን ኃይሉን ያቆይለታል።

ቀይ ሥሩን እንዴት እናዘጋጅ?

አራት መካከለኛ ቀይ ሥር እጠቡ። ቅጠሉን ስትቆርጡ ሁለት ጣት ያህል አገዳ ተዉለት። ሳትልጡ ቀቅሉት። ተልጦ ከተቀቀለ ቀለሙና ጣዕሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቢላዋ ሲገባለት በስሏል። ሲበርድ ልጣጩ በእጅ ይላጣል። በደቃቁ ክተፉት። ከሰናፍጩ ጋር አዋህዱት። የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ዘይት ጨምሩበት። ማባያው ደረሰ።

ማባያው በምን በምን ይበላል?

አንደኛ፣ የተቀቀለ ድንች ክተፉና ቀላቅሉበት። በእንጀራም በዳቦም ይበላል።

ሁለተኛ፣ ምስር ቀቅላችሁ አቀዝቅዙ። ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ክተፉበት። ማባያውን ጨምሩበት። ቀይ አዚፋ ይሆናል። ለጾም ቀን መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ በፍስክ ቀን ከጥብስ ወይም ከተቀቀለ እንቁላል ጋር አቅርቡት።

አራተኛ፣ ለትንንሽ ልጆች ሰናፍጩን ሳትጨምሩ ቀይ ሥሩንና ድንቹን ፈጭታችሁ ስጧቸው።

ማባያው ብዙ ቀን አይቆይም። ለዛሬና ለነገ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ክደኑት። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት።

ቅጠሉን አትጣሉ

ብዙ ሰው ሥሩን ወስዶ ቅጠሉን ይጥላል። ይህ ጥፋት ነው። ቀይ ሥርና ቆስጣ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው። ስለዚህ ቅጠሉን እንደ ቆስጣ ክተፉት። በሽንኩርትና በዘይት አብስሉት። ሲወጣ ሎሚ ጭመቁበት።

ቀይ ሥር ደም ይሆናል ወይ?

አሁን ዋናውን ነገር እናንብብ። አንዲት ነፍሰ ጡር ደከመኝ ስትል ጎረቤቶቿ «ቀይ ሥር ብዪ፤ ደም ይሆንሻል» ይሏታል። የሚሏት ለደግ ነው። ነገር ግን ቀይ ሥር የቀላው ደም ስላለበት አይደለም። ቅላቱ እንደ ልብስ ቀለም ያለ ቀለም ነው።

ሰውነታችን ደም ለመሥራት ብረት ይፈልጋል። ስሙ እንደ ማረሻችን ብረት ነው፤ ግን በምግብ ውስጥ የሚገኝ እጅግ ጥቂት ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት በኪኒን እንድትወስድ ይመክራል። በ100 ግራም ቀይ ሥር ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ አንድ ሚሊግራም አይሞላም። እስቲ አስሉት። 30 ሚሊግራም ለማግኘት በቀን ከ3 ኪሎ በላይ ቀይ ሥር መብላት ያስፈልጋል። ይህን ማን ይችላል?

ታዲያ ቀይ ሥር ጥቅም የለውም ማለት ነው? አይደለም። ደም ለመሥራት የሚረዳ ፎሌት የሚባል ቪታሚን አለው። ቅጠሉም ከሥሩ የበለጠ ብረት አለው። ምስርና ሥጋም ብረት አላቸው። ሎሚ ከእህልና ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ያውኩታል። ስለዚህ ቡናውን ከምግብ ጋር አትጠጡ፤ አንድ ሰዓት ቆዩ።

ቀይ ሥር ምግብ ነው፤ መድኃኒት አይደለም። አንዲት እናት ድካም፣ ማዞርና የትንፋሽ ማጠር ከተሰማት፣ የዓይኗም የውስጥ ሽፋን ከነጣ፣ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ትሂድ። ኪኒኑን እንደታዘዘላት ትዋጥ። ቀይ ሥሩንም ከምግቧ ጋር ትብላ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም። ደም ያነሳት እናት በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት ቶሎ ትጎዳለች።

አንድ ነገር እንጨምር። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ሊቀላ ይችላል። አትደንግጡ፤ ያልፋል። ሁለት ቀን አልፎ ካልተወ፣ ወይም ቀይ ሥር ሳይበላ ከቀላ ግን ሐኪም ይየው።

ቃላቱን ደጋግማችሁ አንብቡ፦ ሰ-ና-ፍ-ጭ፣ ማ-ባ-ያ፣ ነ-ፍ-ሰ ጡ-ር፣ ኪ-ኒ-ን።

ጥያቄዎች
1. ሰናፍጭ በፈላ ውሃ ቢለወስ ምን ይሆናል?
2. ሎሚው መቼ ይገባል? ለምን?
3. ቀይ ሥር ሳይላጥ የሚቀቀለው ለምንድን ነው?
4. ደም ያነሳት ነፍሰ ጡር ቀይ ሥር ብቻ ብትበላ ይበቃታል ወይ?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ይህንንም ጽሑፍ ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤት፣ ይልቁንም ለነፍሰ ጡሮችና ለባሎቻቸው አንብቡላቸው።