ማሳሰቢያ፦ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ፍቺ አይደለም

ከገርጂ እስከ አያት፣ ከቦሌ ቡልቡላ እስከ ቦሌ አራብሳ ለምትኖሩ ባለትዳሮችና ከትዳር ለተለያያችሁ ሁሉ።

ባልና ሚስት አልስማማ ሲሉ ነገሩ መጀመሪያ የሚደርሰው ሽማግሌ ዘንድ ነው። መልካም ልማድ ነው፤ ብዙ ትዳር ታድጓል። አደጋው የሚመጣው ዕርቁ አልሳካ ሲል ነው። ሽማግሌዎቹ ንብረት ያካፍላሉ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚያድጉ ይወስናሉ፣ ወረቀት ይጻፋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ምስክሮችም ይፈርማሉ። ከዚያ «ተፋተናል» ተባብለው በየፊናቸው ይሄዳሉ። በሕግ ፊት ግን ትዳሩ አልፈረሰም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። ወላጆቻችን የተፋቱት በዚያ መንገድ ነው፤ እኛም የምናውቀው ከእነሱ ያየነውን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ለወጠው። አዋጁ በሚሠራበት በአዲስ አበባ ፍቺን መወሰን የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ለሽማግሌ የቀረው ማስታረቅ ነው። ሙስሊም ባለትዳሮች ሁለቱም ፈቅደው ጉዳያቸውን ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ፤ እሱም ፍርድ ቤት ነው። ሰፈር ውስጥ የተባለ ቃል ግን እሱን አይተካም።

በዚህ በምሥራቁ የከተማችን ክፍል ጉዳቱ የሚከፋው በቤት ነው። ሰሚት፣ አያት፣ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ናቸው፤ ቤቱም ብዙ ጊዜ የተመዘገበው በአንደኛው ስም ነው። ሕጉ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ይላል። የጋብቻ ዘመን የሚያበቃው ደግሞ ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። እንግዲህ በሽማግሌ ተለያይታ፣ ዐረብ አገር ሠርታ፣ ለኮንዶሚኒየም ስትቆጥብ የኖረች ሴት ምን እንደሚጠብቃት አስቡ። ከዓመታት በኋላ የቀድሞ ባሏ «ሚስቴ ናት» ብሎ ግማሹን ሊጠይቅ ይችላል። ቤቱን ልሽጥ ብትል የባል ስምምነት ወይም የፍቺ ማስረጃ ትጠየቃለች። አንደኛው ቢሞት ደግሞ ክርክሩ ከወራሾች ጋር ይሆናል፤ የተለያዩበትን ምክንያት የሚያውቅ ሽማግሌም ያን ጊዜ በሕይወት ላይኖር ይችላል።

ሌላው አደጋ ዳግም ጋብቻ ነው። የመጀመሪያው ትዳር በፍርድ ሳይፈርስ ሌላ ማግባት በወንጀል ሕጉ በሁለት ጋብቻ ያስከስሳል፤ አዲሱን የትዳር ጓደኛ አታሎ የገባበት ሰው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። አዲሱ ጋብቻም ሊፈርስ ይችላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ለረጅም ዘመን ተለያይተው በየራሳቸው ሌላ ሕይወት የመሠረቱ ሰዎችን ጋብቻ በተግባር እንደፈረሰ የቆጠረባቸው ጊዜያት አሉ። በዚህ ተስፋ አትቀመጡ። እዚያ የሚደረሰው ከሥር እስከ ላይ ተከራክሮ፣ ጊዜና ገንዘብ ጨርሶ ነው።

መንገዱ ሰው እንደሚፈራው ረጅም አይደለም። ከተስማማችሁ የመፋታት ስምምነታችሁን፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት የተስማማችሁበትን ጨምራችሁ፣ በጽሑፍ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። ዳኛው ያነጋግራችኋል፤ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣችሁም ይችላል፣ ይህም ከ3 ወር አይበልጥም። በነጻ ፈቃድ የተደረገ ስምምነት መሆኑን ሲያረጋግጥ ያጸድቀዋል። ካልተስማማችሁ አንዳችሁ ብቻ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ሕጉ ፍቺ ከመፍቀዱ በፊት የሌላውን ወገን ጥፋት አስረዱ አይልም።

በተለይ ለምትደበደቡ ሴቶች ይህን ልበል። «ታገሺ፣ ለልጆችሽ ስትይ ተመለሺ» የሚል ሽማግሌ እናንተን ወደ ዱላ የመመለስ ሥልጣን የለውም። ድብደባ ወንጀል ነው፤ የሚነገረውም ለፖሊስ ነው። የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻውን ውሳኔ ሳይጠብቅ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት አስተዳደር ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ይህን ጠይቁ። ሽማግሌ ሆናችሁ የምትጠሩ አባቶችና እናቶችም፣ ዕርቅ ካልሆነላችሁ «ፍርድ ቤት ሂዱ» በሉ እንጂ የማፍቻ ወረቀት አትጻፉ። ለደግነት ብላችሁ የፈረማችሁት ወረቀት ነገ ልጆቹን ያካስሳል።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል። ፍቺው በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ ለጋብቻም ጊዜው ያው ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካህ የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የጸና ቢሆንም ካላስመዘገባችሁት በክርክር ጊዜ ምስክር ፍለጋ ትዞራላችሁ። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ሆኗል። ስለዚህ ፋይላችሁ በቀድሞው ወረዳ የቀረ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። ደጃፍ ላይ ቆሞ «ያላገባ ማስረጃ በአንድ ቀን አወጣልሃለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ አትስጡ። በሐሰተኛ ማስረጃ የተሸጠ ቤት ሻጩንም ገዢውንም ይዞ ይወድቃል።

በሽማግሌ የተጻፈውን ወረቀት ግን አትቅደዱት። የተስማማችሁባቸው ነጥቦች ለፍርድ ቤት ለምታቀርቡት ስምምነት መነሻ ይሆኑላችኋል፤ ከተለያያችሁ 10 ዓመት ያለፋችሁም ብትሆኑ ዛሬም አቤቱታችሁን ማቅረብ ትችላላችሁ።